መልቀቂያ

ዓብዱልፈታሕ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው። ከማዶ «ሄሎ» የሚል ለስላሳ የወንድ ድምፅ ሲመጣ፣ ፊት ለፊቱ ከተቀመጠችው ከረድኤት ጉልበት ላይ የፕላስቲክ ማህደሯ ተንሸራትቶ ወደቀ። አላነሳችውም። ድምፁ የባሏ ነበር።

ሮቤ ወዳለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በጠዋት የመጣችው የመምህርነት ፈቃዷን ለማዛወር ነው። ስምንት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረችው በደቡብ፣ ከአርባ ምንጭ ወዲያ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ ነው፤ ፈቃዱንም የሰጣት ያ ክልል ነው። አሁን እዚህ፣ በተወለደችበት አገር፣ ክፍል ገብታ ለማስተማር፣ የቀድሞው ወረዳዋ «የእኔ መምህር ነበረች፣ ፈቃዷ ትክክል ነው፣ ለቅቄያታለሁ» ብሎ መፈረም አለበት። መልቀቂያ የሚሉት እሱን ነው። ያለ እሱ የግል ትምህርት ቤቶች እንኳ አልተቀበሏትም። ረድኤት ጥያቄው ከክልል ክልል ተጽፎ፣ የማታውቀው ሰው እጅ ገብቶ የሚያልቅ መስሏት ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ዓብዱልፈታሕ ግን ደግ ሰው ነው። መምህራን በአንድ ፊርማ ምክንያት ወራት ሲመላለሱ ማየት አንገሽግሾታል። ስለዚህ በጓደኛ በኩል የወረዳውን የመምህራን ጉዳይ ኃላፊ ስልክ ቁጥር አፈላልጎ አገኘና፣ ደስ ይላታል ብሎ፣ እሷን ሳይጠይቅ እሷው ፊት ደወለ። ያ ኃላፊ ባሏ ደምመላሽ ነው። ረድኤት ከቤቱ በሌሊት ወጥታ ከጠፋች ዓመት ሊሞላት ነው።

«ረድኤት ወልደሰንበት? አውቃታለሁ እንጂ!» አለ ደምመላሽ። «ጎበዝ መምህር ነች። ከየት ነው የምትደውለው፣ ወንድሜ?»

«ከባሌ። ከሮቤ።»

ከማዶ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ።

«ሮቤ» ብሎ ደገመው፣ ቀስ ብሎ። «ጥሩ። መልቀቂያዋ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንደምትፈልገው አውቅ ስለነበር ከእኔ አልለየሁትም። አሁን ሐዋሳ ስልጠና ላይ ነኝ፤ ሩቅ አይደለሁም። ነገ ጠዋት ራሴ ይዤው እመጣለሁ። እሷ ግን መኖር አለባት። ንገራት።»

«አላህ ይስጥልን!» አለ ዓብዱልፈታሕ። ስልኩን ዘግቶ ወደ ረድኤት ሲዞር ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። «እድለኛ ነሽ፣ ቲቸር! ሰው ስድስት ወር የሚለምነውን አንቺ ነገ ትጨርሻለሽ። እንዲህ ዓይነት ኃላፊ ደግሞ አይቼ አላውቅም።» ረድኤት «እሺ» አለች። ማህደሯን ከወለሉ አንስታ፣ አመስግናው ወጣች። ደጅ ስትደርስ ነው ማመስገኗ ትዝ ያላት።

የሮቤ አስፋልት ላይ ንፋሱ አቧራ ያነሳል። ጋሪዎች የስንዴ ጆንያ ጭነው ያልፋሉ፤ ባጃጆቹ በጋሪዎቹ መሃል ይሹለከለካሉ። ረድኤት ወደ መናኸሪያው ስትሄድ ጥላ ያለበትን ወገን መረጠች፤ ለምን እንደመረጠች ራሷም አላወቀችም። ሐዋሳ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሰውየው አሁን ከስልጠናው ተነስቶ ቢወጣ፣ ሻሸመኔ ላይ መኪና ቢያገኝ፣ ሲመሽ እዚህ ነው። ይህን እያወቀች እንኳ ረጅም ወንድ ባየች ቁጥር እግሯ ይያዛል። አንድ ቡኒ ጃኬት የለበሰ ሰው ከኋላዋ ሲያስል ድንች የምትሸጥ ሴት ጋ ተጠግታ ዋጋ ጠየቀች። ሴትየዋ ነገረቻት፤ አልሰማችም፤ ደግማ ጠየቀች። የጎባው ሚኒባስ ውስጥ መጨረሻ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ተሳፋሪው ስለ ስንዴ ያወራል፤ ኩንታሉ ስድስት ሺህ ገብቷል፣ አይ ወርዷል፣ ነጋዴው ደብቆት ነው። ከፊቷ የተቀመጡ ሽማግሌ ዘወር ብለው በኦሮምኛ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። የአባቷን ስም ልትናገር አፏን ከፈተችና «እንግዳ ነኝ» አለች። ጎባ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ በገዛ አገሯ መንገድ ላይ፣ እንግዳ ነኝ አለች።

ታላቅ ወንድሟ ገዛኸኝ እህል ነጋዴ ነው። ቤቱ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ነው። ረድኤት የምትተኛው በሱቁና በመኝታ ቤቱ መካከል፣ ጆንያ በሚደረደርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የነቀዝ መድኃኒት እየሸተታት ነው። እንጀራቸውን አልነፈጓትም። ግን ማንም ለምን እንደመጣች ጠይቋት አያውቅም። የመጣች ቀን «አልተስማማንም» አለች፤ ገዛኸኝም «እህ» ብሎ ጆንያ ለመቁጠር ገባ። ግራ ጆሮዋ የማይሰማው አሟት እንደሆነ ነግራዋለች፤ ወይ አምኗል፣ ወይ ማመን መርጧል። ቢጠይቅ መልስ ይሰማል፤ መልስ ከሰማ ደግሞ አንድ ነገር ማድረግ ይኖርበታል። ደምመላሽ ሁለት ጊዜ ደውሎለት ገዛኸኝ «እዚህ የለችም» ብሏል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ተኮሳትሮ ዋለ። ለሰው ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ለእሷ ሲል መዋሸቱ እንደ ዕዳ ከብዶታል።

ምሳ ቀርቦ ነበር። የገዛኸኝ ሚስት ወለተኢየሱስ ሽሮውን መሃል አፍስሳ ተቀመጠች። ረድኤት ሁለት ጉርሻ እንደዋጠች «ነገ ደምመላሽ ሮቤ ይመጣል» አለች። የተደወለውን፣ የተባለውን ሁሉ ነገረቻቸው። ገዛኸኝ እጁ ሳህኑ ላይ ቆመ። ረድኤት ፊቱ ላይ ንዴት ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን እፎይታ ነው።

«ይምጣ እንጂ» አለ። «እኔም ከውሸት አርፋለሁ። በሽማግሌ የማይፈታ ነገር የለም።»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ...»

«ስንት መንገድ አቋርጦ ወረቀትሽን ይዞ የሚመጣ ሰው ክፉ ነው? ክፉ ቢሆን መች ይፈርምልሽ ነበር።»

ወለተኢየሱስ በዚህ መሃል ዶሮ ማሰብ ጀምራለች። «ዛሬ ገበያው ሳይበተን ካልገዛን ነገ ከሺህ በታች አይገኝም» አለች። «እንግዳ ሆኖ ሽሮ አናቀርብለትም። ሽንኩርቱ አለ፤ ቅቤ ከጎረቤት ከጤቤ እበደራለሁ። ማታ ከደረሰ የት እናስተኛዋለን? የረድኤትን ክፍል ጆንያውን ገፋ አድርገን...» ቃሏን ሳትጨርስ ተወችው። ረድኤት ያንን ጠባብ ክፍል አየችው፤ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም።  ለመናገር ፈለገች፤ ምን እንዳደረጋት፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው እጁ። ነገር ግን ገዛኸኝ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ ቶሎ ቶሎ መብላት ጀምሮ ነበር፤ አበላሉ «አትንገሪኝ» የሚል ይመስላል። እጇን ታጠበች። «ሮቤ የረሳሁት ወረቀት አለ፤ ደርሼ ልምጣ» ብላ ነጠላዋንና ማህደሯን ብቻ ይዛ ወጣች። ልብሷን ብትይዝ ይጠይቋት ነበር።

መናኸሪያው ላይ ከአንድ የደሎ መና መኪና ጎን ብዙ ቆመች። የሰነቴን አምባ አቋርጦ ጫካው ውስጥ ይወርዳል፤ ከዚያ አንገቱ የምትባል ከተማ አለች፤ ቡና ለቃሚ የሚፈልግ አይጠፋም፤ ስሟንም ማንም አይጠይቃት። ገብታ መቀመጥ ብቻ ነበር የሚቀራት። ግን ከገባች ዳግመኛ ክፍል ውስጥ ቆማ አታስተምርም፤ ያን አወቀች። ደምመላሽም ይህንኑ ያውቃል። ቦርሳው ውስጥ ዓመት ሙሉ ይዞ የዞረው ወረቀቱን አይደለም፤ እሷን ነው። የሮቤው ሚኒባስ ተራ ሲደርስ ገባች።

ጽሕፈት ቤቱ ስትደርስ ዓብዱልፈታሕ አልነበረም። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ፈርዶሳ ብቻቸውን፣ የዐስር ሶላት ሰግደው መስገጃቸውን እያጠፉ ነበር። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ በየትምህርት ቤቱ ሲዘዋወሩ ኖረው አሁን ጡረታቸውን የሚጠብቁ፤ ነገር አይወዱም ይባላል። ረድኤትን አንድ ጊዜ አይተው ወንበር አመለከቷት። «ታኢ፣ ኢንተላ ኮ። ተቀመጪ፣ ልጄ። ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«አዴ ፈርዶሳ፣ ነገ የሚመጣው ኃላፊ ባሌ ነው» አለች ረድኤት። «ሸሽቼው ነው የመጣሁት።»

ወይዘሮ ፈርዶሳ መስገጃውን መሳቢያ ውስጥ አስገብተው ዘጉት። ብዙ አልጠየቁም። ያለውን መንገድ ብቻ ነገሯት። ጥያቄዋን ትታ እንደ አዲስ መምህር ልትፈተን ትችላለች፤ ስምንቱ ዓመት ግን ውኃ ይበላዋል፤ ፈተናውም መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። በክልል በኩል ቢጻፍም ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ የእሱ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። ወይም ደግሞ... ሌላ የሚነግሯት መንገድ የላቸውም። «እኔ እዚህ ጠብ እንዲነሳ አልፈልግም» አሉ በሐቅ። «ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ።»

ረድኤት ጠረጴዛዎቹን አየች። ሦስት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት መምህራን ዙሪያቸውን ይሞሏቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ ስትሸሽ የዋለችው ሐሳብ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ መጣላት።

«እሱ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም» አለች። «ሰው ፊት ደግ ነው። ብናገርም ማንም የማያምነኝ ለዚህ ነው። ነገ ይምጣ። ግን ሌላ ቦታ አላገኘውም፤ እዚህ፣ ይቺ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሞልቶ። እፈርማለሁ ብሎ መጥቶ፣ ሰው እያየው አልፈርምም ማለት አይችልም።»

«ከፈረመ በኋላስ?»

«አላውቅም» አለች ረድኤት።

ወይዘሮ ፈርዶሳ መስኮቱን ዘጉ፤ ቁልፋቸውን ፈለጉ፤ አገኙ፤ በር ላይ ቆመው «ማታ የት ታድሪያለሽ?» አሉ። ረድኤት ማህደሯን ደረቷ ላይ አቀፈች። «እንሂድ በይ» አሉ።

እሳቸው ቤት ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር አደረች። ልጆቹ ስለ ፈተና፣ ስለ ሰርግ፣ ስለ ጫማ ዋጋ ሲያወሩላት እየሳቀች ሰማች። ገዛኸኝ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳችም። መጨረሻ ላይ መልእክት ላከላት፤ «ደምመላሽ ደርሷል። እራት እየጠበቅንሽ ነው» ይላል። ስልኩን አጥፍታ ትራሷ ሥር ከተተችው። ከአሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር በላይ የማይርቃት ቤት ውስጥ፣ በእሷ ፍራሽ ላይ፣ ያ ሰው ተኝቷል። በመንገዱ መኪና ባለፈ ቁጥር ትንፋሿን ይዛ እስኪርቅ ጠበቀች።

ጠዋት ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ዓብዱልፈታሕ ነገሩን ከወይዘሮ ፈርዶሳ ሰምቶ፣ እያፈረ፣ ጉዳይ ያላቸውን መምህራን በሙሉ ዛሬ ኑ ብሎ ጠርቷቸዋል። ረድኤት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። በሩ ተከፈተና ደምመላሽ ገባ፤ ከኋላው ገዛኸኝ፣ ትልቅ የሙዝ ዘለላ አቅፎ።

«አካም ቡልተኒ!» አለ ደምመላሽ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ ደኅና አደራችሁ ለማለት። ክፍሉ በሳቅ ተቀበለው። «የአርባ ምንጭ ሙዝ ነው፤ የመምህር ቤት ባዶ እጅ አይገባም።» ሙዙ ተከፋፈለ፤ ልጣጩ ጠረጴዛ ላይ ተከመረ። እያንዳንዱን በእጁ ጨበጠ፤ ወይዘሮ ፈርዶሳን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ። ረድኤት ጋ ሲደርስ ግንባሯን ሳማት። የሽቶውን ሽታ አወቀችው። «ረዱዬ፣ ከሳሽብኝ» አላት፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ወይዘሮ ፈርዶሳ «ወረቀቱን ይፈርሙልንና ልጅቷ ትገላገል» አሉ።

«እፈርማለሁ እንጂ። ብቻ መጀመሪያ ከእሷ ጋር ውጪ ሁለት ቃል ብንነጋገር...»

«እዚሁ ይነጋገሩ። ወረፋው ብዙ ነው፤ ሰውም እየጠበቀ ነው።»

ሰው ሁሉ ሙዝ እየበላ ያየው ነበር። ደምመላሽ ፈገግታውን አላጠፋም። ከቦርሳው ወረቀቱን አወጣ፤ ጠርዙ ከመመላለስ ብዛት ሻክሯል። ብዕር ጠየቀ፤ ብዙ እጅ ብዕር ዘረጋለት። ፈረመ። ዓብዱልፈታሕ ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ የገቢ ማኅተም መትቶበት መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ይህን ሁሉ ያደረገው ረድኤት አንዴ እስክትተነፍስ ነው።

«በሉ እንግዲህ፣ ቤተሰብ እየጠበቀን ነው» አለ ደምመላሽ። ከወንበሯ ጀርባ መጥቶ እጁን ትከሻዋ ላይ አኖረ። ለሚያየው የባል እጅ ነው። አውራ ጣቱ ግን በነጠላው ሥር የአንገቷን አጥንት አግኝቶ ይጫን ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ እየጨመረ። ረድኤት ይህን ጣት ታውቀዋለች። ከዚህ በኋላ የሚመጣውንም ታውቃለች። ልትነሳና ልትከተለው ተቃርባ ነበር፤ ሰውነቷ የሚያውቀው መከተልን ብቻ ነው።

«እጅህን አንሳ!» አለች።

ድምፁ እሷንም አስደነገጣት። ኋላ ወንበር ለሚቀመጡ ተማሪዎች የምታወጣው የክፍል ድምፅ ነው፤ ግድግዳ የሚያልፍ። በረንዳው ላይ የነበሩት ሳይቀሩ ዘወር አሉ።

«ይሄ ጆሮዬ አይሰማም» አለች፣ በእጇ እያሳየች። «አሞኝ አይደለም። በዚህ እጁ ነው የመታኝ፤ ደሙ ሳይቆም ሥራ ሄጄ አስተምሬያለሁ። አሁንም አጥንቴን እየተጫነኝ ነው። አልሄድም። እኔ ከዚህ ሰው ጋር የትም አልሄድም።»

 አንድ አዛውንት መምህር ግማሹን የበሉትን ሙዝ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቀጥሎ አጠገባቸው ያለችው ሴት አኖረች። ደምመላሽ እጁን ከትከሻዋ ላይ ያነሳው ያን ጊዜ ነው።

«ታማለች» አለ በሐዘን፣ ራሱን እየነቀነቀ። «ከመሸሿ በፊት ጀምሮ ጭንቅላቷን ያማታል። ችዬ ነው የኖርኩት። ወንድሟ ይኸው፤ ጠይቁት።»

ዓይን ሁሉ በሩ ጋ ወደቆመው ገዛኸኝ ሄደ። ገዛኸኝ የሰው ዓይን የማይወድ ሰው ነው። ፊቱ ቀላ። ረድኤት አላየችውም፤ ዝም ሲል ልታይ አልፈለገችም። የጫማዎቹን ጫፍ ብቻ ታይ ነበር፤ የስንዴ ብናኝ አለባቸው። 

«እህቴ ጤነኛ ናት» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ደግሞ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «እኔ ነኝ ያልጠየቅኋት» አለ።

ደምመላሽ ቦርሳውን ዘጋ። ወይዘሮ ፈርዶሳ ተነስተው በሩን ያዙለት፤ «በሰላም ይግቡ» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሲያልፍ ረድኤትን አንድ ጊዜ ዘወር ብሎ አያት። ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። ቤት ውስጥ ብቻ የሚያሳያትን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እያየው አወጣው።

ዓብዱልፈታሕ ወረቀት እያገላበጠ ጉሮሮውን አጠራ። «ቲቸር፣ ባዮሎጂ የጎደለባቸው ቦታዎች አሉ። አንገቱ አለ፤ ጫካ ነው፤ ሩቅ ነው፤ ማንም አያገኝሽም። ዲንሾም አለ።» ድምፁ ውስጥ ይቅርታ ነበረ። ሁሉም አንገቱን ትመርጣለች ብለው ጠበቁ። ረድኤት ትናንት የደሎ መናው መኪና ጎን መቆሟን አሰበች። ሰው በሌለበት ቤት ምን እንደሚሆን ከእሷ በላይ የሚያውቅ በዚህ ክፍል የለም።

«እዚህ ሮቤ» አለች። «ሰው የሚበዛበትን ትምህርት ቤት ስጡኝ።»

ከገዛኸኝ ጋር ወደ መናኸሪያው ሄዱ።  እሱ ሁለት ጊዜ ሊናገር ጀምሮ ተወው። ከሰልፉ ሲደርሱ ረድኤት ደምመላሽን አየችው፤ የሻሸመኔው አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮት ዳር ተቀምጧል። ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ያያታል።  ገዛኸኝ አይቶት ክርኗን ያዛት፤ የጎባው ሚኒባስ በሩን ከፍቶ ቆሟል።

«እንግባ፣ ረዱ» አለ።

«መጀመሪያ እሱ ይሂድ።»

ቆሙ። ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች በነሱ በኩል እያለፉ ገቡ፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ፤ ሌላ መጣ። አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ፤ ተነቃነቀ፤ አቧራውን አንስቶ ከመናኸሪያው ወጣ። ረድኤት አስፋልቱ ላይ እስኪጠፋ ተመለከተችው። ከጠፋም በኋላ አልተንቀሳቀሰችም። ገዛኸኝ አላስቸኮላትም፤ አጠገቧ ቆሞ፣ እሷ በምታይበት አቅጣጫ ያይ ጀመር።